የሱሪው ቁጥር ያልነገረን ቦርጭ

አጎቴ ጎጃም በረንዳ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ነግደዋል። ሱቃቸው ጠባብ ናት። ማዳበሪያ፣ ገመድ፣ ሸራና ሲባጎ ይሸጡባታል። ከጠዋት እስከ ማታ በሯ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ፊት ለፊታቸው ተሸካሚዎች ኩንታል በትከሻቸው አድርገው "መንገድ! መንገድ!" እያሉ ይሮጣሉ፣ ጋሪ ገፊው ያልበዋል፣ አይሱዙው ያራግፋል። በአንድ በረንዳ ላይ ሁለት ዓይነት ሆድ አለ። የተሸካሚው ከጀርባው ጋር የተጣበቀ ነው። የባለሱቁ ደግሞ ከባለቤቱ ቀድሞ ደንበኛ ይቀበላል።

እውነቱን ለመናገር በእኛ ቤት ይህ ሆድ አሳስቦን አያውቅም ነበር። "ተመችቶዎታል" ይባላል፣ ይሳቃል፣ ይታለፋል። ነገሩ የተገለጠልን በልብስ ሰፊ ነው። ባለፈው ዓመት ለወንድሜ ሰርግ ሙሉ ልብስ ሊያሰፉ ከሱቃቸው ጥቂት እርምጃ ወደምትገኝ ሰፊ ቤት አብሬያቸው ሄድኩ። ወጣቱ ሰፊ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ሲያወርድ አጎቴ ቀድመው፣

"አትድከም፣ ሠላሳ ስድስት ነኝ። ከጎረምሳነቴ ጀምሮ ሠላሳ ስድስት ነኝ" አሉት።

"ጋሼ፣ ከየት በኩል ልለካ?" አላቸው ፈገግ ብሎ። "ከሆድዎ በታች ከሆነ ልክ ነዎት። በእምብርትዎ ከሆነ ግን ሜትሩ አርባ ሦስት ይላል።"

አርባ ሦስት ኢንች ወደ 109 ሴንቲ ሜትር ነው። ሱሪው ዓመት በዓመት ወደ ታች ሲወርድ፣ ቀበቶው ከሆድ ሥር ሲገባ ቁጥሩ ሳይቀየር ሆዱ በላዩ ላይ አድጎ ነበር። እቤትዎ ውስጥ "የሱሪዬ ቁጥር ያው ነው" የሚል ሰው ካለ ቀበቶው የት እንደታሰረ ይመልከቱ።

ሰርጉ ሳይደርስ ሌላው መጣ። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት መነሳት፣ የማይቆርጥ ጥም፣ የዓይን ብዥታ። ሲመረመሩ በባዶ ሆድ የደም ስኳራቸው 168 ሆነ፣ ግፊታቸውም ከፍ ብሏል። ወሬው ሜሪላንድ የምትኖረው ልጃቸው ጋር ሲደርስ ብዙም አልቆየች። ለሰርጉ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ስለ እሱ ብዙ የተወራለትን "የማክሲያ መርፌ" ላከችላቸው። አጎቴ ዕቃውን ከነካርቶኑ አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡትና፣ "አንቺ የምትጽፊ አይደለሽ? እስቲ ይህን ነገር አጥኚልኝ። ልወጋው ወይስ ይቅር?" አሉኝ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሞራ

በበዓል በግ ሲታረድ ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ከቆዳው ሥር ያለው ስብ አለ፣ ቆንጠጥ ተደርጎ የሚያዘው። ሆዱ ሲከፈት ደግሞ ጨጓራና አንጀቱን እንደ ዳንቴል ሸፍኖ የሚገኘው ሞራ አለ። የሰውም ሆድ እንዲሁ ነው። ሐኪሞችን ዕንቅልፍ የሚነሳቸው ከቆዳ ሥር ያለው ሳይሆን ሞራው ነው። ድሮ ሞራ ገላጭ የሚባሉ ሰዎች የታረደን ከብት ሞራ ዘርግተው መጪውን ይናገሩ ነበር። የዛሬ ሐኪም ደግሞ በሜትርና በራጅ የሰውን ሞራ እየለካ ስለ መጪው ይናገራል፣ ልዩነቱ የሐኪሙ በጥናት መረጋገጡ ነው።

ሞራ ዝም ብሎ የተቀመጠ ስንቅ አይደለም። ስብ ወደ ደም ይለቃል፣ ከአንጀት የሚነሳው ደም ደግሞ ቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚሄድ ጉበት የመጀመሪያው ተቀባይ ይሆናል። ጉበት ሲሰባ ኢንሱሊን የሚሰጠውን ትእዛዝ መስማት ይቀንሳል። ቆሽት ይህን ለማካካስ አብዝቶ ኢንሱሊን ያመርታል፣ ዓመታት ሲያልፉ ይደክማል፣ ስኳሩ ይወጣል። ከዚሁ ጋር የደም ግፊት ይጨምራል፣ ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል ይወርዳል፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ስብ ከፍ ይላል። ዣን ቫግ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1947 ስብ በሆድ ላይ የሚከማችባቸው ሰዎች በዳሌና በጭን ላይ ከሚከማችባቸው ይልቅ ለስኳርና ለልብ ሕመም እንደሚጋለጡ ጽፎ ነበር። ብዙ ሰው ጆሮ የሰጠው ግን አሜሪካዊው ጄራልድ ሪቨን በ1988 እነዚህን ችግሮች በአንድ ላይ አስሮ "ሲንድረም ኤክስ" ካላቸው በኋላ ነው። ዛሬ ሜታቦሊክ ሲንድረም ይባላል።

"ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው" የሚል አንባቢ ካለ በአዲስ አበባ የባንክ ሠራተኞችና መምህራን ላይ የተሠራውንና በ2011 የታተመውን ጥናት ላስታውሰው። 1,935 ሰዎች ተመርምረው ነበር። በዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን መስፈርት ከመቶው ወደ 18 የሚሆኑት ሜታቦሊክ ሲንድረም ተገኝቶባቸዋል፣ ከወንዶቹ 14፣ ከሴቶቹ ደግሞ 24 በመቶ። ቦርጭ የወንድ ነገር የሚመስለን ወንዱ ሸሚዙን ስለሚወጥረው ነው። ሴቷ ነጠላና ሰፊ ቀሚስ ይሸፍኗታል፣ ከወሊድ በኋላ የቀረ ነው ተብሎም ይታለፋል።

የዚያው ጥናት አንድ ነገር በጣም ገርሞኛል። ቦርጭ ያለባቸውን ሲቆጥሩ በአሜሪካኑ ልክ (ለወንድ 102፣ ለሴት 88 ሴንቲ ሜትር) 20 በመቶ አካባቢ ሆኑ። በፌዴሬሽኑ ልክ (94 እና 80) ሲቆጠሩ ግን ያው ሰው፣ ያው ሆድ፣ ወደ 40 በመቶ ደረሰ። የተቀየረው ሜትሩ ላይ የተሰመረው መስመር ብቻ ነው። ፌዴሬሽኑ ለአፍሪካ የሚጠቀመው የ94 እና የ80 መስመር ደግሞ በአውሮፓውያን ላይ የወጣ ነው፣ የራሳችሁ እስኪገኝ በዚህ ቆዩ ተብለን የተቀበልነው።

የራሳችንን ለማግኘት የሞከሩ አሉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ700 በላይ የዩኒቨርሲቲውን ሠራተኞች ስብ በመሣሪያ ለክተው ከወገባቸው ጋር አስተያዩት። በ2018 ያሳተሙት ውጤት ለኢትዮጵያዊ ወንድ 83.7፣ ለሴት 78 ሴንቲ ሜትር የሚል ነው። ለወንዱ ከአውሮፓው በአሥር ሴንቲ ሜትር ያነሰ ማለት ነው! ቀጭን እግርና ቀጭን ክንድ ያለው፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ "ጤነኛ" የሚባል፣ ግን ሆዱ ትንሽ ወጣ ያለ ሰው ለኛ ብርቅ አይደለም። ጥናቱ በአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ላይ የተሠራ ስለሆነ የአገር መስፈርት ነው ብዬ አላጋንነውም። ግን 90 ሴንቲ ሜትር ወገብ ይዞ "ገና ነኝ" የሚልን ወንድ ማሳሰብ ያለበት ይመስለኛል።

እነዚህ ተመራማሪዎች ወገብን ከቁመት ጋር ሲያነጻጽሩም መስመሩ ከግማሽ ላይ ወደቀ፣ ለወንድ 0.51፣ ለሴት 0.50። የእንግሊዝ የጤና መመሪያም በ2022 ለሕዝቡ የሰጠው ምክር ይኸው ነው፤ ወገብህ ከቁመትህ ግማሽ ይነስ። ይህን ስነግራቸው አጎቴ ተነስተው ከመደርደሪያው ሲባጎ ሳቡ። ከጫማ እስከ አናታቸው ለካሁና ቆረጥኩት፣ ለሁለት አጠፍኩት፣ በእምብርታቸው ዙሪያ አዞርኩት። ሳይገናኝ ስንዝር ከጣት ቀረው።

እርስዎም ቤትዎ ይሞክሩት። ቆመው፣ ልብስዎን ገልጠው፣ በመጨረሻው ጎድንና በዳሌ አጥንት መካከል፣ ትንፋሽዎን እንደ ወትሮው አስወጥተው። ሆድ መሳብ የለም፣ ራስዎን ነው የሚያታልሉት።

ለቦርጭ የተሞከረው ሁሉ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ወለል ላይ ተኝቶ በመነሳት ነው፣ "ሲት አፕ" በሚባለው። በ2011 የታተመ አንድ አነስተኛ አሜሪካዊ ጥናት 24 ሰዎችን ወስዶ ግማሾቹን ለስድስት ሳምንት የሆድ ስፖርት ብቻ አሠራቸው። ጡንቻቸው ጠነከረ፣ የሆዳቸው ስብ ግን አልቀነሰም። ሰውነት ስቡን የሚያነሳው እኛ ከጠቆምነው ቦታ አይደለም። በየሱቁ የተሰቀለው "ቦርጭ ማጥፊያ" ቀበቶና ሻይም ያው ነው። ቀበቶው የሚያጠፋው ላብ ነው፣ እሱም ውኃ ሲጠጡ ይመለሳል።

ታዲያ ስቡ ተመጦ ቢወጣስ? ይህን በትክክል የጠየቀ ጥናት በ2004 ወጥቷል። ወፍራም የሆኑ 15 ሴቶች ከሆዳቸው በቀዶ ሕክምና ብዙ ኪሎ ስብ ተመጠጠላቸው። ከአሥርና ከአሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ ሲመረመሩ ግፊታቸውም፣ ስኳራቸውም፣ ኮሌስትሮላቸውም እንደነበረ ነው። የተመጠጠው ከቆዳ ሥር ያለው ነበር፣ ሞራው ከነጉበቱ ቦታው ላይ ነበር። ለመልክ ብሎ የሚያሠራውን ሰው አልከለክልም፣ ስኳሬ ይወርድልኛል ብሎ የሚከፍለው ግን ገንዘቡን ባይጥል ይሻላል።

የክኒኑ ታሪክ ደግሞ የሚያስፈራ ነው። ሪሞናባንት የተባለው በ2006 አውሮፓ ውስጥ ሲፈቀድ የወገብ ልክን መቀነሱ ብዙ ተወራለት። ከሁለት ዓመት ጥቂት በኋላ ድብርትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያመጣል ተብሎ ከገበያ ወጣ። ሲቡትራሚን በ2010 በልብና በስትሮክ ምክንያት ተከተለው። ይህን የምዘረዝረው ለማስፈራራት አይደለም። አዲስ መድኃኒት በጥቂት ወራት ያሳየው ውጤት ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን እንደማይናገር ለማስታወስ ነው።

ሞራን ለይቶ የሚመታ መድኃኒት የተገኘው ባልታሰበ በኩል ነው። በአገራችን የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት በጀመረበት በ2005 እና በተከታዮቹ ዓመታት የነበሩ ሰዎች ያስታውሱታል፤ ከቀደምቶቹ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ በተለይ ስታቩዲን፣ የፊትንና የእግርን ስብ ያከሱ ነበር። በሕክምና ላይ ካሉት በአንዳንዶቹ ደግሞ ስብ በሆድ ውስጥ ይከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ስታቩዲን እንዲቀር መክሯል። በዚህ ችግር የተያዙ 412 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2007 የታተመው ሙከራ ቴሳሞሬሊን በተባለ በየቀኑ የሚወጋ መርፌ በ26 ሳምንት የሆድ ውስጥ ስባቸው በ15 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ባዶ መርፌ የወሰዱት ላይ ግን በ5 በመቶ ጨመረ። አሜሪካ በ2010 ለእነዚህ ሕሙማን ብቻ ፈቀደችው። መርፌው ሲቆም ሞራው ተመለሰ። ይህን "ተመለሰ" የሚለውን ቃል ያዙልኝ።

አሁን ወደ አጎቴ ካርቶን። መድኃኒቱ ሴማግሉታይድ ይባላል። የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው መድኃኒት በ2005 የተፈቀደው፣ ጊላ ሞንስተር በተባለች የአሜሪካ በረሃ መርዛማ እንሽላሊት ምራቅ ውስጥ ከተገኘ ንጥረ ነገር ነው። ስንበላ አንጀታችን የሚያመነጨውን "ጠገብኩ" የሚል ሆርሞን ይመስላል። ጨጓራ ቀስ ብሎ እንዲራገፍ ያደርጋል፣ አእምሮ ላይ ደግሞ የምግብ ፍላጎትን ያበርዳል።

በ2021 የታተመው ትልቁ ሙከራ 1,961 ሰዎች ነበሩበት። በ68 ሳምንት መርፌውን የወሰዱት በአማካይ ከክብደታቸው ወደ 15 በመቶ ቀነሱ፣ ከወገባቸው 13.5 ሴንቲ ሜትር። ባዶ መርፌ የወሰዱት ወገብ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የቀነሰው። በ2023 ደግሞ የልብ ሕመም ያለባቸው 17,604 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት የልብ ድካም ምት፣ የስትሮክና በልብ የመሞት አደጋ በአንድ አምስተኛ መቀነሱን አሳየ። ይህ ከወሬ በላይ ነው፣ ስሙን እየሰማን የምናሾፍበትም ነገር አይደለም።

ነገር ግን ልጅቷ ያላነበበችው ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ሙከራ ስኳር የሌለባቸውን ሰዎች ነው የያዘው። ስኳር ባለባቸው 1,210 ሰዎች ላይ ሲሞከር የክብደቱ ቅናሽ 10 በመቶ እንኳ አልሞላም። ሁለተኛ፣ ያቆሙት ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨመሩ። ስለዚህ መርፌው እንደ አንቲባዮቲክ ወስደው የሚጨርሱት አይደለም፣ እንደ ግፊት ክኒን የሚኖሩበት ነው፣ በሻንጣ የመጣ አንድ ካርቶን ደግሞ የአንድ ሁለት ወር ዕድሜ ነው ያለው። ሦስተኛ፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና የሆድ ድርቀት የተለመዱ ናቸው። አልፎ አልፎ የሐሞት ጠጠርና የቆሽት መቆጣት ያመጣል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ በቤተሰቡ የተወሰነ ዓይነት የታይሮይድ ካንሰር ያለበት ሰውም አይወስደውም። ከትንሽ መጠን ተጀምሮ በየአራት ሳምንቱ ቀስ እያለ ነው የሚጨመረው።

ካርቶኑን ይዘን ወደ ሐኪማቸው ሄድን። ዶክተሯ መጀመሪያ የጠየቀችው "የት ሰነበተ?" ብላ ነው። ያልተከፈተ መርፌ በፍሪጅ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ይቆያል፣ በረዶ ከሠራ ደግሞ ይበላሻል። የኛው በአውሮፕላን ጭነት ክፍል መጥቶ፣ በእንግዳው ሻንጣ ውስጥ ሦስት ቀን አድሮ ነው የደረሰን። "ይሠራል አይሠራም ማለት አልችልም። የማላውቀውን አልወጋም" አለች። አክላም የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ስለ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ ማውጣቱን ነገረችን። አጎቴ ዝም አሉ። ልጃቸው ከደመወዟ ቀንሳ የላከችው ነው። ማታ በስልክ ሲነገራት አለቀሰች፣ "እኔ እዚህ ሆኜ ምን ላድርግ?" አለች። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ ግን እንዲህ ሆኖ አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 እነዚህን መድኃኒቶች ስኳርና የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባቸው ወፍራም ሰዎች በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። የሴማግሉታይድ የፈጠራ ባለቤትነት መብትም በህንድና በቻይና 2026 ላይ የሚያበቃ ነው። የህንድ ፋብሪካዎች የሚሠሩት መድኃኒት ደግሞ ለእኛ ፋርማሲ እንግዳ አይደለም።

ከመርፌው በፊት

አጎቴ ከሐኪም ቤት ስንወጣ "ጾሙስ? ሁዳዴን ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾም የለ?" አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የምግብ ሰዓትን ማሳጠር ብቻውን ምን ያህል ይሠራል የሚለው ተፈትኗል። በ2020 በ116 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት በስምንት ሰዓት ውስጥ ብቻ መብላት ከወትሮው አበላል የተለየ ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል። በቻይና በ139 ሰዎች ላይ ለአንድ ዓመት የተደረገውም ወሳኙ ሰዓቱ ሳይሆን መጠኑ መሆኑን ነው ያሳየው። ጾማችን ለነፍስ ነው፣ ሥጋን ካከሳም ጥሩ። ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዘይት የራሰ ሽሮ፣ ሳምቡሳ፣ ዳቦ፣ በሦስት ማንኪያ ስኳር ሻይ ከተከተለ ሞራው ጾሙን አያውቀውም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሳያማክር ባይጾም ይሻላል።

ስኳር ላልያዛቸው፣ ማለትም ለእኔና ለወንድሞቼ፣ የሚበጀን በ2002 የወጣው የአሜሪካ ጥናት ነው። ለስኳር የተቃረቡ 3,234 ሰዎች ተከፋፈሉ። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲራመዱ የተረዱት በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፣ ሜትፎርሚን የተሰጣቸው በ31። እግር ክኒኑን በለጠው።

ለአጎቴ ደግሞ የብሪታንያው አለ። በ2017 የታተመ ነው፣ 306 ሰዎች፣ ስኳር ከያዛቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸው። ግማሾቹ ለሦስት እስከ አምስት ወር በቀን ከ825 እስከ 853 ካሎሪ ብቻ በሾርባና በመጠጥ መልክ ወሰዱ። ከዓመት በኋላ ከመቶው 46 የሚሆኑት ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ወደ ጤናማ ልክ ወርዶ ተገኘ። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ውስጥ 86 በመቶ! ማንም ይህን ብቻውን ቤቱ እንዳይሞክር፣ በባለሙያ ክትትል፣ መድኃኒት ተቆርጦ የተደረገ ነው። አጎቴም አልሞከሩትም። ዶክተሯ ሜትፎርሚንና የግፊት መድኃኒት አዘዘችላቸው፣ ስኳር የገባበትን መጠጥ በሙሉ አስቆመቻቸው፣ እንጀራውን ከሦስት ወደ አንድ ተኩል አወረደችው፣ ከሱቅ እስከ ኮልፌ ቤታቸው ማታ ማታ በእግር እንዲሄዱ ነገረቻቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት ንትርክ ነበር። "ሠላሳ ዓመት በታክሲ የሄድኩትን መንገድ ዛሬ በእግሬ ሲያዩኝ ከሰረ ይሉኛል" አሉ። እውነትም ብለዋቸዋል። አንድ የጎረቤት ነጋዴ በጨዋ ደንብ "ችግር ካለ ንገረን" ብሎ ጠይቋቸዋል። ለስላሳውን መተው ከመራመዱ በላይ ከብዷቸው ነበር፣ ምክንያቱም ደንበኛ ሲመጣ ሁለት ጠርሙስ ይከፈታል፣ አንዱ የባለሱቁ ነው።

አምስት ወር ሆኗቸዋል። ከ92 ኪሎ 85 ገብተዋል፣ ወገባቸው 100 ሴንቲ ሜትር ነው። በባዶ ሆድ ስኳራቸው ባለፈው 121 ነበር። ያቺ ሲባጎ በሱቁ ምስማር ላይ ተሰቅላለች፣ በየወሩ ያጠልቋታል፣ ክፍተቱ ስንዝር መሙላት ትቷል። ጎረቤቶቹም ይመጣሉ፣ ይቆርጡላቸዋል፣ እየተሳሳቁ በሆዳቸው ያዞራሉ፣ አንዳንዱ ሳቁን አቁሞ ዝም ይላል።

ባለፈው ቅዳሜ የሰርጉ ሱሪ ሰፍቷቸው ለማስጠበብ ወደዚያው ሰፊ ሄድን። ልጁ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና "ጋሼ፣ ከየት በኩል ልለካ?" አላቸው።

"በእምብርቴ" አሉት።